መዳፍ ላይ የቀረው ጠላ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነውን ሰዎች አስቀድሜ ልቁጠር። ስማችንን አልጽፍም። አብዛኞቻችን በሕይወት አለን፤ ልጆቻችንም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ።

አንደኛው እኔ ነኝ፤ ላይ ጋይንት ውስጥ ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ ቀበሌ የምኖር ገበሬ። ፊደል የቆጠርሁት በደብራችን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን በመሠረተ ትምህርት፣ በሬዲዮና እጄ በገባ ወረቀት ሁሉ ራሴን አስተማርሁ። ቀጥሎ ታናሽ ወንድሜ አለ፤ ገበሬ ነው፤ ሞፈርና ቀንበርም ይጠርባል። አባታችን ሲሞት ገና ድክ ድክ የሚል ነበርና እንደ ልጅ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሚስቱ የእስቴ ሰው ልጅ ናት፤ ትዕግሥቷ ረጅም፣ ካለቀ ግን የማይመለስ። አባቷ አማቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ በአገራቸው ሰው ሲጣላ የሚጠሩ። የነፍስ አባታችን ቄስ ወጣትነታቸውን እዚሁ ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም በድጓ ትምህርት የጨረሱ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ዜማ ያለው ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ልጄ ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይታ ተምራ ዩኒቨርሲቲ የገባች ናት፤ የተማረችውም የሰውን አእምሮ ነው። የመጨረሻዋ ባለቤቴ ናት። በዚህ ታሪክ ብዙ አትናገርም፤ ነገር ግን ጠላውን የጠመቀች እሷ ናት፤ ያለ ጠላው ደግሞ ታሪክ የለም።

ወንድሜ ይጠጣ ነበር። ሁላችንም እንጠጣለን፤ እሱ ግን ከአረቄ ቤት በር ሳይደርስ የሚመለስበት የገበያ ቀን አልነበረውም። ሞፈር ሸጦ፣ ጨው ሊገዛ ሄዶ፣ ያለ ጨው ይመጣል። ሲሰክር ሰው አይመታም፤ ዕቃ አይሰብርም፤ ዝም ብሎ ከቤቱ ይጠፋል። ከብት ሳይታሰር፣ አዝመራ ሳይጠበቅ ያድራል።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠብቄ ያዝሁት።

«ዛሬስ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ እግሬ ወሰደኝ።»

«እግርህን ማን ወሰደው?»

«ምን አውቃለሁ? ወደ ጨው ተራ እየሄድሁ ነበር። ቀና ስል አረቄ ቤት ተቀምጫለሁ።»

«ይኸ እግርህ አንድ ቀን እንኳ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይወስድህም?»

ትንሽ አሰበና፣ «እሱንማ መንገዱን አላስለመድሁትም» አለኝ።

ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁም። ለልጆቼም ለሱም በሳቅ መካከል ተግሣጽ ሰጥቼ አላውቅም። «ብትፈልግ ትተወው ነበር» አልሁትና ጥዬው ሄድሁ። ይህቺ ቃል ያኔ የኔ ቃል ነበረች። ለሰነፍ ተማሪም፣ ለተኛ ገበሬም፣ ለሰካራምም የምናገረው ይህንኑ ነው፤ ቢፈልግ ኖሮ። እግዚአብሔር ሰውን በነጻ ፈቃድ ፈጠረው፤ እሳትና ውኃ አቀረበለት፤ እጁን ወደ ወደደው ይሰዳል። ከዚህ ወዲያ ምን ምርምር ያስፈልጋል እል ነበር።

በዚያው ዓመት የመስቀል ማግስት ሚስቱ ልጇን አዝላ ወደ እስቴ ሄደች። ለደመራው ቤቱ ሳይመጣ ቀርቶ፣ በማግስቱ ከአጥር ሥር ተኝቶ አገኘችው። አልጮኸችም። ከሳምንት በኋላ አማቻችን መልእክት ላኩ፦ «ልጄን አልነጥቅም። ለዓመቱ መስቀል ራሴ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ሰው ሆኖ ካገኘሁት ትመለሳለች። ካልሆነ ንብረት እንካፈላለን።» ወንድሜ መልእክቱን ሲሰማ አለቀሰ። እኔም ልቤ ተነካ፤ አፌ ግን የተናገረው ያንኑ ነበር።

ልጄ ገና ወደ ዩኒቨርሲቲዋ አልተመለሰችም ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ትምህርቷ ጠይቄያት አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን እሷ ራሷ ጀመረችው።

«አባባ፣ አጎቴን እንደሱ ባይሉት ይሻላል።»

«ምን ብዬው?»

«ብትፈልግ ትተወው ነበር ይሉታል። እሱ እኮ ይፈልጋል።»

ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ። የአእምሮ ተመራማሪዎች ሰዎችን ያስቀምጡና በጭንቅላታቸው ላይ መሣሪያ ያስራሉ። «ደስ ባላችሁ ጊዜ እጃችሁን አንቀሳቅሱ፤ ያን ጊዜ የወሰናችሁባትንም ቅጽበት ንገሩን» ይሏቸዋል። ሰውየው «አሁን ወሰንሁ» ከሚልባት ቅጽበት በፊት መሣሪያው አንጎሉ እጁን ለማንቀሳቀስ ሲሰናዳ ያሳያል። አንጎል ተነሥቶ መንገድ ጀምሯል፤ ባለቤቱ ገና አልሰማም።

ተቆጣሁ። «ታዲያ ሌባ ሁሉ እኔ ሳልሆን አንጎሌ ነው ይበል? ዳኛም ቄስም ይቅር?»

«አይ አባባ፣ እንደሱ አይደለም። ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙበትም። እጅ ማንቀሳቀስና ሚስት ማግባት አንድ አይደለም የሚሉም አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ አንጎል ቢጀምረውም ሰው ሳይፈጸም ሊያስቆመው ይችላል ይላሉ። ትንሽ ጊዜ አለችው።»

«ምን ያህል?»

«ዓይን የመጨፈን ያህል።»

«እና በዓይን መጨፈን ነው የሰው ነፍስ የሚድነው?»

«ለጠጪ ያቺም ትጠበዋለች። ሽታው፣ ብርጭቆው፣ የገበያው መንገድ፣ ሁሉም አንጎሉን ቀድሞ ያስነሣዋል። ስለዚህ ኋላ ከማስቆም በፊት ማራቅ ይሻላል። ያ ደግሞ ለብቻው አይሆንም።»

አልተቀበልኋትም። ሴት ልጅ ተማረችና አባቷን ልታስተምር መጣች አላልሁም፤ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የሰው ኃጢአት ሰበብ ተገኘለት ብዬ ፈራሁ።

ያስረዳኝ ማሳው ነው። ለጓያ የማርሰው ማሳ መካከል አባቴም አያቴም ሲዞሩት የኖሩት አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበር። ከሳምንት በፊት በዶማና በብረት ዘንግ ፈንቅዬ፣ ከጎረቤት ጋር አንከባልዬ አውጥቼዋለሁ። ቦታውን በአፈር ደልድዬ ጥማዴን ይዤ ወረድሁ። በሬዎቹ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሁለቱም ወደ ቀኝ ዞሩ። ድንጋይ የለም፤ እነሱ ግን ዞሩ። «በሬ ነው፤ ምን ያውቃል» ብዬ በጅራፍ መለስኋቸው። በሚቀጥለው ዙር በኃይል ቀጥ አድርጌ ነዳኋቸው። ቦታው ስንደርስ ማረሻው ከመሬት ወጣ። እርፉን ከፍ ያደረገው የኔ እጅ ነበር።

እዚያው ቆምሁ። ድንጋዩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንደሌለ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ማረሻዬ እንዳይሰበር እርፍ ከፍ ማድረግ የለመደ እጄ ግን ሳይጠይቀኝ ከፍ አደረገው። «ብትፈልግ ትተወው ነበር» ብዬ ለራሴ ልናገር ፈለግሁ፤ አልወጣልኝ አለ። ያን ቀን ሙሉ አረስሁ፤ እዚያ ቦታ ስደርስ እያሰብሁ፣ እጄን እየተጫንሁ። አመሻሹ ላይ በሬዎቹ መዞራቸውን ተዉ። የኔ እጅ ከነሱ ዘገየ።

ስገባ ልጄን ጠራኋትና ነገርኋት። አልተመጻደቀችብኝም። «አዩ አይደል?» ማለት መብቷ ነበር፤ አላለችም። «ታዲያ መጨረሻ ላይ ተዉት አይደል?» ብቻ አለችኝ። እዚህ ላይ ልቤ ተከፈተ። ድንጋዩ ከወጣ፣ ትልሙ ከተደጋገመ፣ በሬም ይማራል፤ ሰውም ይማራል ማለት ነው።

በማግስቱ ወንድሜን ይዤ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድሁ። ወንድሜ እግራቸው ሥር ወደቀ። «አባ፣ ይገዝቱኝ። ከእንግዲህ ብጠጣ የተገዘትሁ ልሁን።»

እሳቸው ፊታቸው ጠቆረ። «አልገዝትህም» አሉት።

«ለምን አባ?»

«ግዝቱን ጥሰህ ብትጠጣ ከስካርህ ላይ ግዝት ተሸክመህ ልትሄድ? ያኔ ተስፋ ቆርጠህ የባሰ ትጠጣለህ። ስንናዘዝ በማወቅም ባለማወቅም የምንለው በከንቱ ይመስልሃል? አባቶቻችን እጅ ከልብ ቀድሞ እንደሚሄድ ያውቁ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የምገዝተው የሚያጠጣውን ነው። የሚቀዳለትን፣ የሚሸጥለትን፣ ና ጠጣ የሚለውን። ይህን እሑድ በአደባባይ እናገራለሁ። ማኅበራችን ግን የናንተ ፈንታ ነው።»

እኛ በየወሩ በታቦቱ ቀን የጽዋ ማኅበር እንጠጣለን። ወንድሜም ማኅበርተኛ ነው። እሱን ማስቀረት ማለት ከሰው መለየት ነው፤ የተለየ ሰው ደግሞ የሚሄድበትን እናውቃለን። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ተራዬ ነበርና፣ ባለቤቴ ጠላ ሳትጠምቅ ተልባ አቀረብንና፣ ዓመት ሙሉ ማኅበራችን ይህንኑ ይጠጣ ብዬ ተናገርሁ።

ቤቱ በሳቅና በቁጣ ተሞላ። አንድ ቀልደኛ ጎረቤቴ ተነሥቶ፣ «ጌታው፣ እርስዎ ወንድምዎ ስለሰከረ እኛ ለምን በሆድ ድርቀት መድኃኒት እንቀጣለን?» አለ።

«የሰው ነፍስ ነው» አልሁት።

«የኔም ነፍስ ነፍስ ናት! ተልባ ጠጥታ ገነት የገባች ነፍስ ሰምተው ያውቃሉ?»

ቄሱ ጽዋውን ራሳቸው አነሡና ተልባውን ባርከው ጠጡ። «እኔ አልሞትሁም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይከራከራል? ዓመቱን ሙሉ ጠጣነው። አንዱ ወር ተልባ፣ አንዱ ወር የሱፍ ውኃ፣ ማር የቆረጠ ሰው ሲገኝ ብርዝ። ያ ጎረቤቴ በየወሩ ሲገባ፣ «እንደምን ዋላችሁ፣ የተልባ ሰማዕታት!» ይለን ነበር፤ ግን አንድም ወር አልቀረም።

ወንድሜ ሁለት ጊዜ ተሰናክሏል። ሁለቱንም ጊዜ ወደ ወገዳ ገበያ ቀንበር ሊሸጥ ወርዶ፣ ግዝታችንን በማያውቅ አገር ጠጣ። በሁለተኛው ተመልሶ ራሱ ነገረኝ። ያን ጊዜ የለመድሁትን ቃል ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። «ከእንግዲህ ወገዳ ስትወርድ አብሬህ እወርዳለሁ» አልሁት። አብሬውም ወረድሁ፤ ሥራዬን ጥዬ።

ዓመቱ ደረሰ። አማቻችን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ከእስቴ እንደተነሡ ሰማን። ልጄም ትምህርቷ እስኪከፈት ከኛ ጋር ነበረች። የእንግዳው ነገር ሲነሣ ከእሷ ጋር እንደገና ተጋጨን።

«አባባ፣ ተልባ ይቅረብላቸው። ጠላ ቤት አይግባ።»

«እርቅ ሊያወርዱ ሦስት ወንዝ ተሻግረው ለመጡ ሽማግሌዎች ተልባ? ናቁን ብለው ከደጅ ይመለሳሉ።»

«እሺ፣ ሌላ ሰው ይቅዳ።»

«ታራቂው ቆሞ ካላስተናገደ ምኑን ታረቀ?»

ይህ የአገራችን ሥርዓት ነው፤ የበደለ ሰው ወገቡን ታጥቆ ቆሞ ያሳልፋል። ቄሱም ተስማሙ፤ «ማሳለፍ መጠጣት አይደለም» አሉ። ወንድሜን ጠየቅነው። «እችላለሁ። ሽታውን ዓመት ሙሉ ከሰው አፍ ሳሸት ኖሬያለሁ» አለ። ልጄም በመጨረሻ እሺ አለች። ሁላችንም የረሳነውን ነገር ያኔ ማንም አላየውም፤ ቄሱም፣ የተማረችውም፣ እኔም።

እንግዶቹ መጡ፤ ተቀመጡ። ቄሱ ጸሎት አደረጉ። ባለቤቴ የጠመቀችውን ከጋኑ በማሰሮ ቀድታ ለወንድሜ ሰጠችው። ነጠላውን ወገቡ ላይ ታጥቆ ወደ አማቱ ሄደ። ጎንበስ አለ። ግራ መዳፉን አጎደጎደ፤ ከማሰሮው ጠብ አደረገበት፤ መዳፉም ወደ አፉ ሄደ።

አሳላፊ ለእንግዳ ከመቅዳቱ በፊት በመዳፉ ቀምሶ ያሳያል። ይህን የማያደርግ አሳላፊ አገራችን ውስጥ የለም። ከልጅነታችን ጀምሮ አይተነዋል፤ አድርገነዋል። ስለዚህ ማንም አያስበውም። መቅመስን መጠጣት ብሎ የቆጠረም የለም። እኔም በዚያች ቅጽበት ነው ያሰብሁት፤ ሳየው። ልጄ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፤ እጇ አፏ ላይ ወጣ። ልጮህ ፈለግሁ። እኔም ዘገየሁ።

መዳፉ ከጢሙ ሥር ቆመ።

ጠላው በጣቶቹ መካከል እየተንጠባጠበ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ከእስቴዎቹ ሽማግሌዎች አንደኛው፣ «ምነው ልጄ፣ አይቀመስም?» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ጥያቄው ግን ለስላሳ አልነበረም። ያልተቀመሰ መጠጥ ለእንግዳ ማቅረብ በኛ ዘንድ ምን እንደሚያሳስብ ሁሉም ያውቃል፤ ያውም በተጣላ ሰው ቤት።

ወንድሜ መዳፉን ወደ ታች ገለበጠና በነጠላው ጠረገው። አማቱን ቀና ብሎ አየ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እጄ ቀድሞኝ ሄዶ ነበር። እኔ ገና አሁን ደረስሁ።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በሬዲዮ ብዙ የተማሩ ሰዎች ስለ ፈቃድ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እንደዚህች ግን አልሰማሁም።

እኔ ልቀምስ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አማቻችን በእጃቸው መለሱኝ። «ተቀመጡ» አሉና ዋንጫቸውን ወደ ወንድሜ ዘረጉ። «ቅዳ።»

«አልቀመስሁትም እኮ፣ አባቴ።»

«አይቻለሁ። ቅዳ አልሁህ።»

ቀዳላቸው። ሽማግሌው ያልተቀመሰውን ጠላ ሳያቋርጡ እስከ ታች ጠጡት። ዋንጫውን አስቀምጠው ጢማቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሽማግሌዎች፣ ምስክር ሁኑ። እስከ ጠዋት ካልሞትሁ ልጄን ይውሰድ። ከሞትሁ ግን እንዳትሰጡት!»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ እያለቀሰ ይስቅ ነበር። «የቀረውን ከቤት አውጡት» አሉ አማቻችን። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ «እኛስ? በውኃ ጥም ነው የመጣነው!» ብለው ጮኹ። «እናንተማ ተልባ ጠጡ፤ ማኅበሩን ዓመት ሙሉ ያጠጡት እሱን ነው ተብሏል!» አሏቸው። ባለቤቴ ተልባውን አመጣች። ቀድማ አዘጋጅታው ኖሯል፤ ለማንም ሳትናገር።

አማቻችን በሰላም አድረው ተነሡ። ሚስቱም ሳምንት ሳይሞላ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ወንድሜ ዳነ ብዬ አልዋሽም፤ መዳን ለሱ በየገበያው ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። አሁንም ወደ ጨው ተራ በአረቄ ቤቱ በኩል አይሄድም፤ በፍየል ተራ ዞሮ ይሄዳል። ይኸኛውን መንገድ ለእግሩ አስለምዶታል። ቅዳሴ ሲያስቀድስም አየዋለሁ፤ «እግሬ ወሰደኝ» ይለኛል እየሳቀ።

ልጆቼ ይህን ታነባላችሁና የማምነውን ልጻፍ። ሰው ነጻ ፈቃድ አለው፤ ከዚህ አልተነቃነቅሁም። ነገር ግን ፈቃድ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ መስሎኝ ነበር፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም። አሁን እንደ ማሳ ነው የማየው። ድንጋዩን ብዙ ሰው ሆነው ያወጡታል፤ ትልሙን ግን ባለማሳው ራሱ እየደጋገመ ያርሰዋል። ያቺ ዓይን የመጨፈን ያህል ጊዜ ለወንድሜ የበቃችው ዓመት ሙሉ ስንዘጋጅላት ስለኖርን ነው። ያስቆመው ግን እሱ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድበትም።

እንግዲህ የፈጀብንን ልደምር። ባለቤቴን አንድ ጋን ጠላ፤ ከአንድ ዋንጫ በቀር ደጅ የፈሰሰ። ማኅበርተኞችን የዓመት ጠላ፤ ቀልደኛውን ጎረቤቴን ደግሞ፣ እሱ እንደሚለው፣ ሆዱን። ቄሱን አንድ ግዝትና ጥቂት ወዳጆች፤ አረቄ ሻጮቹ እስካሁን ሰላምታ ይነፍጓቸዋል። ልጄን ከአባቷ ጋር ሁለት ጠብ። የወንድሜን ሚስት በአባቷ ቤት አንድ ዓመት። አማቻችንን ያልተቀመሰ አንድ ዋንጫ። እኔን ጥቂት የወገዳ መንገድና የምወዳትን ያቺን ቃል፤ ቢፈልግ ኖሮ የምትለዋን። ወንድሜ የከፈለውን እሱ ያውቃል፤ ገና እየከፈለ ነው። ሁሉ ሲደመር፣ የአንድ ሰው እጅ ከጢሙ ሥር እንዲቆም ይህን ያህል ፈጀ። አልተወደደብንም።